ፒስተንና ቫልቭ እንዳይጋጩ፦ ሞተር ሲገጣጠም ክፍተቱን መለካት

ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ባለ ጉብታ ዘንግ) የተቀየረለት፣ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) የተላጨ ወይም አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር በእጅ ሲዞር ምንም ሳይነካካ መዞሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። በፒስተኑና በቫልቩ መካከል የቀረችው ግማሽ ሚሊሜትር ብትሆንም እንኳ በእጅ ሲዞር ሞተሩ ለስላሳ ነው፤ ምንም ድምፅ አይሰማም። በደቂቃ 6000 ዙር ላይ ግን ያቺ ግማሽ ሚሊሜትር የለችም። ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኘው ቢዬላ ይለጠጣል፣ ቢዬላው በሚዞርበት ተሸካሚ፣ በብሮንዚናው፣ ውስጥ ያለው የዘይት ክፍተት ፒስተኑን ወደ ላይ ይለቀዋል፣ ፒስተኑና ቫልቩ በሙቀት ያድጋሉ፣ ካሙን ከክራንኩ ጋር የሚያዞረው የታይሚንግ ሰንሰለትም በሥራ ብዛት ይላላል። ከሁሉም በላይ ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ ከሮከሩ (ቫልቩን ከሚጫነው ማንሻ) እና ከቫልቩ ክብደት ጋር መታገል ሲያቅተው ቫልቩ ካሙን ተከትሎ በጊዜው አይዘጋም። መለኪያው የሚያስፈልገው ለዚህ ሁሉ የሚበቃ ቦታ መኖሩን ለማወቅ ነው።

የሚለካው መቼ ነው? ካምሻፍት፣ ፒስተን፣ ቢዬላ፣ ክራንክሻፍት፣ ቫልቭ ወይም ሮከር አርም ከመጀመሪያው በተለየ ዓይነት ሲቀየር፤ ቴስታታ ወይም የብሎኩ ፊት ሲላጭ፤ ከቀድሞው የቀጠነ ጋስኬት ሲገባ፤ የካሙ ታይሚንግ ከፋብሪካው ምልክት ሲዛነፍ። ከነዚህ አንዱ ካለ ይለካል። «ትንሽ ብቻ ነው የተላጨው» የሚለው ግምት ብዙ ቫልቭ አጣሟል።

የሚጋጩት የት ነው?

ብዙ ሰው ካምሻፍት ሲመርጥ የሚያስፈራው ቫልቩ የሚከፈትበት ከፍታ፣ ማለትም ሊፍቱ ነው። ፍርሃቱ ያለ ቦታው ነው። አስገቢው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ፒስተኑ የላይኛውን ሙት ነጥብ፣ በጋራዥ አጠራር ቲዲሲን፣ ካለፈ ከ105 እስከ 112 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ስትሮኩ (የፒስተኑ ጉዞ) 86፣ ቢዬላው 143 ሚሊሜትር የሆነ ሞተር እንውሰድ፦ በ108 ዲግሪ ላይ ፒስተኑ 62 ሚሊሜትር ያህል ወርዷል። 12 ሚሊሜትር የተከፈተ ቫልቭ እዚያ ሊደርስበት አይችልም።

አደጋው ያለው በኦቨርላፕ ነው። የማስወጫው ስትሮክ አልቆ የማስገቢያው ሲጀምር ሁለቱም ቫልቮች ለአጭር ጊዜ አብረው ክፍት ይሆናሉ፤ ፒስተኑ ደግሞ ጫፍ ላይ ነው። በዚያው ሞተር ከቲዲሲ 20 ዲግሪ ሲቀረው ፒስተኑ 3.35 ሚሊሜትር ይቀረዋል፤ 10 ዲግሪ ሲቀረው ግን 0.85 ሚሊሜትር ብቻ። ከዚያ በኋላ ፒስተኑ እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ይቆያል፤ የሚንቀሳቀሰው ቫልቩ ነው። ስለዚህ አስወጪው ቫልቭ ለፒስተኑ በጣም የሚቀርበው ከቲዲሲ በፊት ከ15 እስከ 5 ዲግሪ አካባቢ፣ አስገቢው ደግሞ ከቲዲሲ በኋላ ከ5 እስከ 15 ዲግሪ አካባቢ ነው። ትክክለኛው ዲግሪ ከካም ካም ይለያያል፤ ለዚህም ነው በአንድ ነጥብ ላይ ለክቶ ማቆም የማይበቃው።

ከዚህ ሌላም ነገር ይከተላል። ሊፍታቸው እኩል የሆነ ሁለት ካምሻፍቶች አንዱ በደህና ሊሠራ፣ ሌላው ቫልቭ ሊያጣምም ይችላል። ቫልቩን ረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ፣ የአስገቢና የአስወጪ ጉብታዎቹ መካከለኛ ርቀት የጠበበ ካም ኦቨርላፑ ሰፊ ስለሆነ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ሳለ ቫልቮቹን ይበልጥ ከፍቶ ይጠብቀዋል። በካሙ ወረቀት ላይ መነበብ ያለበት ከሊፍቱ ይልቅ ይህ ነው።

ስንት ሚሊሜትር ይበቃል?

የካሙ ወይም የፒስተኑ አምራች ያወጣው ቁጥር ካለ የሚሠራው እሱ ነው። ከሌለ የብረት ቢዬላ ላለው ሞተር ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ልክ ይህ ነው፦ ለአስገቢ ቫልቭ ቢያንስ 2.0 ሚሊሜትር (0.080 ኢንች)፣ ለአስወጪ ቫልቭ ቢያንስ 2.5 ሚሊሜትር (0.100 ኢንች)። ቢዬላው አሉሚኒየም ከሆነ በሙቀትም በጉተታም ይበልጥ ስለሚረዝም በሁለቱም ላይ 0.75 ሚሊሜትር ያህል ይጨመራል። በጎን በኩል፣ ማለትም በቫልቩ ጠርዝና በፒስተኑ ራስ ላይ ለቫልቩ በተቆረጠው ጉድጓድ ግድግዳ መካከል፣ ከ1.3 እስከ 1.5 ሚሊሜትር መኖር አለበት።

አስወጪው የበለጠ የሚጠይቀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ሙቀት ነው፤ የሚነድደው ጋዝ በእሱ በኩል ስለሚወጣ ግንዱ ከአስገቢው ይልቅ ይረዝማል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል፦ አስወጪው እየተዘጋ ሳለ ፒስተኑ ከኋላው እየተከተለው ይወጣል። ሞላው ደክሞ ቫልቩ ጥቂት ከዘገየ ፒስተኑ ይደርስበታል። አስገቢው በተቃራኒው የሚወርድ ፒስተን ተከትሎ ነው የሚከፈተው፤ መከፈቱንም ካሙ ራሱ እየገፋ ይመራዋል።

ከመለካት በፊት የሚያልቁ ሥራዎች

ክፍተቱ የሚለካው ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። የቫልቭ መቀመጫ ሲቆረጥ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ስለሚገባ ክፍተቱ ይሰፋል፤ አዲስ መቀመጫ ሲተከል ደግሞ ቫልቩ ወደ ፒስተኑ ወጣ ሊል ይችላል። ቴስታታው ገና ሊላጭ ከሆነ ዛሬ የተለካው ቁጥር ነገ አይሠራም።

ፒስተኑ በትክክለኛው አቅጣጫ መግባቱን ይዩ። በራሱ ላይ ያለው ቀስት ወይም ነጥብ አምራቹ ወዳዘዘው ወገን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሞተሩ ፊት፣ መዞር አለበት። ሰፊው ጉድጓድ የአስገቢው፣ ጠባቡ የአስወጪው ነው። ተገልብጦ የገባ ፒስተን ሰፊውን ቫልቭ ጠባቡ ጉድጓድ ላይ ያሳርፈዋል።

ቀጥሎ ካሙ በዲግሪ መታሰር፣ ማለትም ከክራንኩ ጋር ያለው አቀማመጥ በዲግሪ ተለክቶ መጽናት፣ አለበት። በማርሹ ላይ ያለው ምልክት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ሊስት ይችላል። ካሙ ወደ ፊት ሲቀደም አስገቢው ቀድሞ ስለሚከፈት ወደ ፒስተኑ ይቀርባል፣ አስወጪው ይርቃል፤ ወደ ኋላ ሲዘገይ ተቃራኒው ይሆናል። ታይሚንጉን ሳያጸኑ ክፍተት መለካት ሌላ ሞተር እንደመለካት ነው።

ካሙ ቴስታታው ላይ በሆነ ሞተር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቴስታታው ሲላጭ ካሙ ወደ ክራንኩ ስለሚቀርብ ሰንሰለቱ ወይም ቤልቱ በሚጎትተው ወገን በኩል ያጥራል፣ ትርፉን ቴንሽነሩ በሌላው ወገን ይወስደዋል፤ ካሙም ትንሽ ይዘገያል። ስለዚህ አስወጪው በሁለት በኩል ይጎዳል፦ ቴስታታው ወደ ፒስተኑ ወርዷል፣ ቫልቩም ዘግይቶ ነው የሚዘጋው።

ቲዲሲን በትክክል ማግኘት

ፒስተኑ ጫፍ ላይ በርካታ ዲግሪ ሙሉ እምብዛም ሳይንቀሳቀስ ስለሚቆይ በዓይንም ሆነ በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴን በመርፌ በሚያሳይ መለኪያ) ጫፉን መፈለግ ያሳስታል። ትክክለኛው መንገድ ማቆሚያ መጠቀም ነው። ቴስታታው ሳይገባ በሲሊንደሩ አፍ ላይ ጠንካራ ብረት በብሎን ያስሩ፤ ከመሃሉ የወጣው ብሎን ፒስተኑን ከጫፉ ጥቂት ሚሊሜትር በታች ያቁመው። ዲግሪ ዊሉን (በዲግሪ የተከፋፈለውን ክብ ሰሌዳ) ክራንኩ ላይ፣ የሽቦ ጠቋሚውን ብሎኩ ላይ ይሰሩ።

ክራንኩን በቀስታ ወደ ቀኝ እስኪቆም ያዙሩና ቁጥሩን ይጻፉ፤ ከዚያ ወደ ግራ እስኪቆም አዙረው ይጻፉ። ለምሳሌ በአንድ ወገን 24፣ በሌላው 30 ዲግሪ ቢያሳይ ድምሩ 54፣ ግማሹ 27 ነው። ክራንኩ ሳይነቃነቅ ዊሉን ወይም ጠቋሚውን በ3 ዲግሪ ያዛውሩና እንደገና በሁለቱም በኩል ይሞክሩ። ሁለቱም ወገን 27 ሲያሳይ ዜሮው ትክክለኛ ቲዲሲ ነው። ማቆሚያውን መንቀል አይርሱ።

በዳያል ጌጅ መለካት

ከሁሉም ዘዴ የሚታመነው ይህ ነው፤ በየዲግሪው ቁጥር ይሰጣል፣ ቴስታታውንም ደጋግሞ ማውረድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዳያል ጌጅ ከማግኔት መቆሚያው ጋር፣ ዲግሪ ዊል፣ ሁለት ለስላሳ የመለኪያ ሞላ፣ ቶርክ ሬንችና ወረቀት ነው። የመለኪያ ሞላ ማለት በጣት ተገፍቶ የሚወርድ ቀጭን ሞላ ነው፤ የሞተሩ እውነተኛ ሞላ በእጅ አይገፋም።

1. በአንደኛው ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች ላይ ለስላሳውን ሞላ ከሪቴይነሩ (ከሞላው የላይ ቆብ) እና ሪቴይነሩን ግንዱ ላይ ከሚይዙት ቁልፎች ጋር ይግጠሙ። የቫልቭ ግንድ ዘይት ማገጃዎቹን ለጊዜው ያውጧቸው፤ ምክንያቱ ከታች አለ።

2. ቴስታታውን በጋስኬት ያስቀምጡ። ጋስኬቱ ከሚገባው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ፣ አንድ ጊዜ ታስሮ የተጨመቀ አሮጌ ቢሆን ይመረጣል። በሲሊንደሩ ዙሪያ ያሉትን ብሎኖች በሙሉ አስገብተው በቶርክ ሬንች እኩል ያጥብቁ። ያልተጨመቀ ወፍራም ጋስኬት ለልኬቱ የሌለ ክፍተት ይጨምርለታል።

3. ታፔት (ካሙ ላይ የሚያርፈውን ገፊ) እና ፑሽ ሮድ (ግፊቱን ወደ ሮከሩ የሚያደርሰውን ዘንግ) ያስገቡ። ታፔቱ የዘይት ግፊት የሚሠራበት ሃይድሮሊክ ከሆነ ለልኬቱ ጊዜ ያንኑ ቁመት ያለው ጠጣር ታፔት ይተኩበት። ሮከሩን ያለ ምንም ክፍተት፣ ፑሽ ሮዱ በጣት እስኪሽከረከር ድረስ ብቻ ነክቶ እንዲቆም ያስተካክሉ። ሞተሩ ሲሠራ የሮከር ክፍተት የሚሰጠው ከሆነ ልኬቱ በዚያው መጠን ጥብቅ ይሆናል፤ ስህተቱ ወደ ደህናው ወገን ነው።

4. ክራንኩን በሚሠራበት አቅጣጫ ያዙሩ። አስወጪው ቫልቭ እየተዘጋ፣ አስገቢው ሊከፈት ሲል ፒስተኑ ወደ ኦቨርላፕ ቲዲሲ እየወጣ ነው። ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ከወጣ ግን ያ የኮምፕሬሽን ቲዲሲ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ይጨምሩ። ከቲዲሲ በፊት 20 ዲግሪ ላይ ያቁሙ።

5. የጌጁን ጫፍ በአስወጪው ሪቴይነር ላይ ያሳርፉ። የጌጁ ዘንግ ከቫልቩ ግንድ ጋር አንድ አቅጣጫ መያዝ አለበት፤ ዘመም ካለ ከእውነተኛው የተለየ ቁጥር ይሰጣል። መርፌው ከሚጠበቀው ክፍተት በላይ እንዲሄድ ጫን አድርገው ዜሮ ላይ ያድርጉት።

6. በሮከሩ የቫልቭ ጫፍ ላይ በጣት ወይም በአጭር ማንሻ ጫን ይበሉ፤ ቫልቩ ፒስተኑን እስኪነካ። ሲነካ በጣት የሚታወቅ ጠጣር መቆም አለ፣ የመርፌውም እንቅስቃሴ በአንድ ጊዜ ይሞታል። በዚያ ዲግሪ ላይ ያለው ክፍተት መርፌው የሄደበት ነው። ይጻፉት፤ ቫልቩን ይልቀቁት፤ መርፌው ወደ ዜሮ መመለሱን ይዩ።

7. በየ2 ዲግሪው እየጨመሩ እስከ ቲዲሲ ይድገሙት። ከዚያ ጌጁን ወደ አስገቢው ያዛውሩና ከቲዲሲ እስከ 20 ዲግሪ በኋላ ድረስ እንዲሁ ይለኩ። ጌጁ በየዲግሪው እንደገና ዜሮ ይደረጋል፤ ካሙ ቫልቩን ስላንቀሳቀሰው።

ዲግሪው ካመለጠ ክራንኩን ወደ ኋላ መልሶ እዚያው ማቆም አይገባም። የሰንሰለቱ ልል ወገን ይዛወርና ካሙ ከሚሠራበት ቦታ ይርቃል። 20 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ሄደው እንደገና በሚሠራበት አቅጣጫ ይቅረቡ።

ለምሳሌ ያህል የአንድ አስወጪ ቫልቭ ልኬት እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦ 20 ዲግሪ ሲቀር 3.35፣ በ14 ዲግሪ 2.80፣ በ10 ዲግሪ 2.60፣ በ8 ዲግሪ 2.62፣ በ4 ዲግሪ 2.85፣ ቲዲሲ ላይ 3.20 ሚሊሜትር። የሚወሰደው 2.60 ነው። ቁጥሮቹ ወርደው፣ አንድ ቦታ ደርሰው፣ መልሰው መውጣት አለባቸው። እየወረዱ ሄደው ካልተመለሱ የጠበበው ነጥብ ገና አልተገኘም፤ ልኬቱን ማስቀጠል ነው። በመሃል አንድ ቁጥር ድንገት ከዘለለ ጌጁ ተንሸራቷል ወይም ጣት ቸኩሏል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ቫልቩ ከፒስተኑ በፊት ሌላ ነገር ሲነካ ነው። ሪቴይነሩ ወርዶ የዘይት ማገጃውን ወይም የጋይዱን (ግንዱ የሚንሸራተትበትን ቱቦ) ጫፍ ቢነካ ጣት የሚሰማው ያው ጠጣር መቆም ነው፤ ቁጥሩም ትንሽ ሆኖ ይጻፋል። ማገጃው የሚወጣው ለዚህ ነው። ጥርጣሬ ካለ ፒስተኑን ወደ ታች አውርደው ቫልቩን ይግፉት፤ ያኔም እዚያው ላይ ከቆመ የነካው ፒስተኑን አይደለም። ይህ ራሱ ጠቃሚ ዜና ነው፦ ማገጃው ሲመለስ ሪቴይነሩ በሙሉ ሊፍት ላይ ከሱ ቢያንስ 1.3 ሚሊሜትር ያህል መራቅ አለበት።

ካሙ በቀጥታ ባልዲ መሰል ታፔት ላይ በሚያርፍበት ሞተር ለጣት ቦታ የለም። የታፔቱን ጠርዝ በጠፍጣፋ ማንሻ መጫን ይቻላል፤ ካሙን ወይም የታፔቱን ፊት መቧጨር ግን የለበትም። ለማንሻ የሚሆን ቦታ ከሌለ ከታች ወዳለው የጭቃ ዘዴ መሄድ ይሻላል።

በጭቃ መለካት

የልጆች መጫወቻ ጭቃ፣ ፕላስቲሲን፣ ቅርፅ ይይዛል። ጌጁ የማያሳየውን የጎን ክፍተት ስለሚያሳይ ጌጅ ያለውም ሰው በአንድ ሲሊንደር ላይ ቢሠራው ድካሙን ይክሳል።

ጭቃውን በእጅ አሙቀው ወደ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ይዳምጡትና በሁለቱም የቫልቭ ጉድጓዶች ላይ፣ ከጠርዛቸውም ወጣ አድርገው ይለጥፉት። የፒስተኑ ራስ ከዘይት የጸዳ ይሁን፤ ጭቃው እዚያ መያዝ አለበት። የቫልቮቹን ፊት በተቃራኒው ቀጭን ዘይት ይቀቡ፤ አለበለዚያ ቫልቩ ሲነሳ ጭቃውን ይዞት ይሄዳልና የሚለካው የተቀደደ ጭቃ ይሆናል።

ቴስታታውን በጋስኬት አስቀምጠው ያጥብቁ፣ ታይሚንጉን ይሰሩ፣ ሮከሮቹን ያስተካክሉ። ክራንኩን በሚሠራበት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩት፤ ካሙ አንድ ዙር የሚጨርሰው ክራንኩ ሁለት ሲዞር ነው። በስታርተር ሞተር ፈጽሞ አይዞርም። ጭቃው ሲጨመቅ ቀስ ያለ፣ እኩል የሆነ ክብደት በቁልፉ ላይ ይሰማል። ደረቅ መቆም ከተሰማ ግን ያቁሙ። ማስገደድ የለም፤ ከጭቃው ሥር ብረት ብረትን ነክቷል።

እዚህ ላይ ሃይድሮሊክ ታፔት ትልቁ አታላይ ነው። የሞተሩ እውነተኛ ሞላ ባለበት፣ የዘይት ግፊት በሌለበት፣ ታፔቱ ውስጡ ይሰምጣል፤ ቫልቩም ካሙ ያዘዘውን ያህል አይከፈትም። ጭቃው 3 ሚሊሜትር ሲያሳይ ሞተሩ ሲነሳና ታፔቱ በዘይት ሲሞላ የቀረው 1.5 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እዚህም ጠጣር ታፔት ወይም ለስላሳ ሞላ ያስፈልጋል።

ቴስታታውን ወደ ጎን ሳያንሸራትቱ ቀጥ አድርገው ያንሱት። ጭቃው ላይ የሁለቱ ቫልቮች ክብ ማኅተም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ምላጭ በውኃ አርሰው ማኅተሙን በመሃሉ፣ ከሲሊንደሩ መሃል ወደ ግድግዳው በሚሄድ መስመር ይቁረጡት፤ ግማሹን በስሱ ያንሱ። የቀረው ቁራጭ ከጎኑ ሲታይ ታሪኩን ሁሉ ይናገራል፦ ከቫልቩ ፊት ሥር ያለው ንጣፍ የታችኛው ክፍተት ነው፣ ከቫልቩ ጠርዝ እስከ ጉድጓዱ ግድግዳ የቆመው ቀጭን ግንብ ደግሞ የጎኑ። ብዙ ጊዜ ንጣፉ በአንድ ዳር ይቀጥናል፤ ጉድጓዱ ከቫልቩ ጋር በአንድ ማዕዘን አልተቆረጠም ማለት ነው። የሚለካው በጣም የቀጠነው ቦታ ነው። የካሊፐሩን የጥልቀት ዘንግ ጭቃው ውስጥ እስከ ፒስተኑ ማስገባት የተቆረጠውን ጭቃ በካሊፐር አፍ ከመቆንጠጥ ይሻላል፤ ሲቆነጠጥ ይጨመቃል።

ጋስኬት ሳይገባ ከተለካ የተጨመቀው ጋስኬት ውፍረት ይደመራል፤ ሙሉውን ግን አይደለም። ቫልቩ ከሲሊንደሩ ጋር 20 ዲግሪ የዘመመ ከሆነና ጉድጓዱም እንደ ቫልቩ ፊት ከዘመመ፣ 1 ሚሊሜትር ጋስኬት ለክፍተቱ የሚጨምረው 0.94 ሚሊሜትር ነው። በዚያው ሒሳብ ከቴስታታው 0.5 ሚሊሜትር ሲላጭ ክፍተቱ 0.47 ያህል ይጠባል።

ሲጨርሱ ጭቃውን እስከ መጨረሻዋ ፍርፋሪ ያውጡ። በዘይት መንገድ የገባች ትንሽ ቁራሽ ብሮንዚና ለማቃጠል ትበቃለች።

በሻማ ቀዳዳ በኩል ለስላሳ የብየዳ ሽቦ አስገብቶ ማስጨመቅም አለ። የሚነግረው ሽቦው ያረፈበትን አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ በጣም የጠበበው ቦታ እሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። አዲስ ለሚገጣጠም ሞተር አይመከርም።

ስንት ሲሊንደር?

የብሎኩ ፊት ከዳር እስከ ዳር እኩል ላይሆን ይችላል፤ የቫልቮቹ ጥልቀትም እንደዚሁ። ቢያንስ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሲሊንደር ይለካሉ፤ ቪ ሞተር ከሆነ በሁለቱም ወገን። በመካከላቸው ከ0.25 ሚሊሜትር በላይ ልዩነት ከታየ ሁሉንም መለካት ነው፣ ምክንያቱንም መፈለግ።

የጎኑን ክፍተት ያለ ጭቃ ለማየት የድሮ ቫልቭ ግንድ ጫፉን እንደ መርፌ አሹለው በጋይዱ ያስገቡና ቴስታታው ታስሮ ሳለ ከላይ መታ ያድርጉት። በፒስተኑ ላይ የቀረችው ነጥብ የቫልቩ መሃል ናት። ከሷ ተነስቶ በቫልቩ ራዲየስ ላይ 1.5 ሚሊሜትር ጨምሮ በኮምፓስ ክብ መጫር ነው፤ ክቡ ከጉድጓዱ ከወጣ ጠርዙ ይነካል ማለት ነው። ሰፋ ያለ ቫልቭ ሲገባ ታች በቂ ሆኖ ጎን የሚጠበው ብዙ ነው።

ክፍተቱ ካነሰ

የጎደለው 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ከሆነና የጎደለውም በአንዱ ቫልቭ ብቻ ሆኖ ሌላው ትርፍ ካለው፣ ካሙን ሁለት ዲግሪ ያህል ማዛወር ሊያስታርቃቸው ይችላል። አስገቢው ከጠበበ ይዘገያል፣ አስወጪው ከጠበበ ይቀደማል። የሞተሩ ጉልበት የሚመጣበት ዙር አብሮ ስለሚዛወር ይህ እንደ ማስተካከያ እንጂ እንደ ማዳኛ አይወሰድም። ከተዛወረ በኋላ ሁለቱም ቫልቮች እንደገና ይለካሉ።

ወፍራም ጋስኬት ቀላሉ ነው፤ ዋጋ ግን ያስከፍላል። በፒስተኑ ጠፍጣፋ ራስና በቴስታታው ጠፍጣፋ ክፍል መካከል ያለው ርቀት በብረት ቢዬላ 1 ሚሊሜትር አካባቢ ሲሆን ጋዙን ጨምቆ ወደ ሻማው ይገፋዋል፤ ሲሰፋ ይህ ጥቅም ይጠፋል፣ ኮምፕሬሽኑም ይቀንሳል፣ ሞተሩ ለማንኳኳት ይቀርባል። ቫልቩን ለማራቅ ብሎ መቀመጫውን ወደ ውስጥ ማስመጥ ደግሞ የአየሩን መንገድ ያበላሻል፤ ከሁሉም የማይመከር ነው።

ከባዱ ግን ትክክለኛው መፍትሔ ጉድጓዱን ማጥለቅ ነው። ፒስተኑ ወጥቶ፣ በማሽን ላይ በቫልቩ ማዕዘን ልክ ታስሮ ይቆረጣል። ከመቆረጡ በፊት ከጉድጓዱ ሥር ስንት ሚሊሜትር ብረት እንዳለ ይለኩ፤ ከቆረጡ በኋላ ቢያንስ 5 ሚሊሜትር ያህል ሊቀር ይገባል፣ ተርቦ ላለው ሞተር ከዚያ በላይ። የጉድጓዱ ጥግ ወደ መጀመሪያው ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) መቀመጫ ምን ያህል እንደቀረበም ይታይ፤ እዚያ የሳሳ ፒስተን ይሰነጠቃል። ለዚህ የሚበቃ ብረት ከሌለ ሌላ ፒስተን ወይም ኦቨርላፑ የጠበበ ካም መምረጥ ነው እንጂ «ትችላለች» ብሎ መቁረጥ የለም።

ከተቆረጠ በኋላ የጉድጓዱን ሹል ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያለዝቡ። ሹል ጠርዝ በሥራ ላይ ግሎ እንደ ሻማ ያቀጣጥላል። ሁሉንም ፒስተኖች እኩል ይቁረጡ፣ እንደገና ይመዝኗቸው፣ ኮምፕሬሽኑንም አስሉ፤ ከጉድጓዱ የወጣው ብረት በሙሉ ወደ ቃጠሎ ክፍሉ የተጨመረ ቦታ ነው።

ሲዘጋ

የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ከዲግሪያቸው፣ ከጋስኬቱ ውፍረትና ከካሙ አቀማመጥ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉና ከሞተሩ ማኅደር ጋር ያኑሩት። በሚቀጥለው ጊዜ ቴስታታው ሲወርድ ምን ያህል ሊላጭ እንደሚችል የሚናገረው ይህ ወረቀት ነው።

ለስላሳዎቹን ሞላዎች አውጥተው እውነተኛዎቹን ይመልሱ፤ ሁለት ለስላሳ ሞላ ረስቶ ሞተር ማስነሳት ልኬቱን ሁሉ ከንቱ ያደርጋል። የዘይት ማገጃዎቹንና የሞተሩን ታፔቶች ይመልሱ፣ አዲሱን ጋስኬት ያስገቡ፣ ብሎኖቹን አምራቹ ባዘዘው ቅደም ተከተል ያጥብቁ። ሻማዎቹ ሳይገቡ ክራንኩን ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ያዙሩና የታይሚንግ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸውን አይተው ሽፋኑን ይዝጉ።